የናፍጣ ጭስና የሳንባ ካንሰር፦ የሥራ ታሪክዎን ለሐኪምዎ መንገር ለምን ያስፈልጋል?

ሳል የማይለቀው ሰው ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ «ሲጋራ ያጨሳሉ?» ተብሎ መጠየቁ የተለመደ ነው። «ሥራዎ ምንድን ነው? ከዚያ በፊትስ ምን ይሠሩ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ቢነሳም «ሹፌር» ወይም «ጡረተኛ» በሚል አንድ ቃል ካርዱ ላይ ሰፍሮ ያልፋል። ሰውየው 25 ዓመት ሙሉ በዝግ ጋራዥ ውስጥ የናፍጣ ሞተር ሲጠግን እንደኖረ ከዚያ አንድ ቃል ማወቅ አይቻልም።

ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በአንድ ጥናት ላይ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ተመራማሪ የሆኑት ዶ/ር ዴብራ ሲልቨርማን ከባልደረቦቻቸው ጋር በማዕድን ሠራተኞች ላይ ያካሄዱት ጥናት የናፍጣ ጭስ የሳንባ ካንሰር እንደሚያስከትል በማሳየት ረገድ ትልቅ ድርሻ ነበረው። ጉዳዩ አሁንም የዕለቱ ጉዳይ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በሥራ ቦታ አየር ውስጥ ሊኖር የሚችለውን የናፍጣ ጭስ መጠን የሚገድበው ሕግ በምድር ውስጥ ማዕድንና በዋሻ ቁፋሮ ሥራዎች ላይ እንዲጸና የተወሰነው እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 21 ቀን 2026 ጀምሮ ነው። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሏን አስታውቃለች። እነዚህ ውሳኔዎች ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ምን ትርጉም እንዳላቸው ለመረዳት ከጥናቱ መጀመር ይሻላል።

ጥናቱ እንዴት ተካሄደ?

ዶ/ር ሲልቨርማን በ1980ዎቹ ስለ ሽንት ፊኛ ካንሰር ባደረጓቸው ጥናቶች በሽታው በከባድ መኪና ሹፌሮች ላይ ከሌሎች ሰዎች ይልቅ በዝቶ እንደሚታይ የሚጠቁም መረጃ አግኝተው ነበር። በዚያን ጊዜ የነበሩት ጥናቶች ግን ሁለት ድክመት ነበረባቸው። አንደኛ፣ ሠራተኛው ምን ያህል ጭስ እንደተነፈሰ የሚለካ ነገር አልነበራቸውም፤ የሥራውን ስም ብቻ ይዘው ነበር የሚገምቱት። ሁለተኛ፣ ብዙ ሹፌሮች ሲጋራ ስለሚያጨሱ ካንሰሩ የመጣው ከሲጋራው ይሁን ከናፍጣው መለየት አስቸጋሪ ነበር።

ስለዚህ ተመራማሪዋና የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤንነት ተቋም ባልደረባ የነበሩት ማይክል አትፊልድ በማዕድን ሠራተኞች ላይ ለማጥናት ወሰኑ። ከመሬት በታች በናፍጣ ማሽኖች በሚሠራበት ጊዜ ጭሱ በቀላሉ አይወጣም፤ ሠራተኛው የሚተነፍሰው መጠን በመንገድ ላይ ካለው እጅግ ይበልጣል። በዚያው ማዕድን ከመሬት በላይ የሚሠሩት ባልደረቦቹ ደግሞ በጣም ያነሰ ይተነፍሳሉ። ሁለቱን ማነጻጸር ይቻላል ማለት ነው።

የማዕድኑ ዓይነትም በጥንቃቄ ነው የተመረጠው። በብዙ ማዕድናት ውስጥ ራዶን፣ የሲሊካ ብናኝ ወይም አስቤስቶስ ይገኛል፤ ሦስቱም በራሳቸው የሳንባ ካንሰር ያመጣሉ። እነዚህ በብዛት የማይገኙባቸው 8 የፖታሽ፣ የትሮና፣ የጨውና የኖራ ድንጋይ ማዕድናት ተመረጡ። በጥናቱ የተካተቱት 12,315 ሠራተኞች ናቸው። በሳንባ ካንሰር የሞቱ 198 ሠራተኞች ደግሞ በሽታው ከሌለባቸው 562 የሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር በዝርዝር ተነጻጸሩ። ለዚህም ሲባል ስለ ሲጋራ፣ ስለ ሌሎች ሥራዎችና ስለ ጤና ታሪክ ሠራተኞቹ ራሳቸው፣ በሞቱትም ምትክ የቅርብ ቤተሰቦቻቸው ተጠየቁ።

ምን ተገኘ?

ውጤቱ በማርች 2012 ታተመ። ብዙ የናፍጣ ጭስ የተነፈሱት ሠራተኞች በሳንባ ካንሰር የመሞት ዕድላቸው በጣም ጥቂት ከተነፈሱት ጋር ሲነጻጸር 3 እጥፍ ገደማ ነበር። የተነፈሱት መጠን ከፍ ባለ ቁጥር ዕድሉም ከፍ ይላል። ሲጋራ ማጨስ በስሌቱ ውስጥ ከታሰበ በኋላም ልዩነቱ አልጠፋም፤ አጭሰው በማያውቁት ሠራተኞች ላይም ታይቷል።

«3 እጥፍ» የሚለው ቃል ሊያስደነግጥዎ ይችላል፤ ትርጉሙን በትክክል መረዳት ያስፈልጋል። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ ከ1000 ሰዎች ውስጥ 10 ሰዎች በአንድ በሽታ የሚሞቱበት ቡድን አለ እንበል። 3 እጥፍ ማለት በሌላው ቡድን ከ1000 ሰዎች 30 ይሞታሉ ማለት ነው። 20 ተጨማሪ ሰው ማጣት ለአንድ ማኅበረሰብ ትልቅ ጉዳት ነው። ይሁን እንጂ የቀሩት 970 ሰዎች በዚያ በሽታ አይሞቱም። በናፍጣ ጭስ ውስጥ መሥራት የካንሰር ዕድልን ይጨምራል፤ ካንሰር መያዝን ግን የማይቀር አያደርገውም።

ሌላም ልብ ሊሉት የሚገባ ነጥብ አለ። በጥናቱ ከፍተኛው ውጤት የታየው ከመሬት በታች በሠሩት ሰዎች ላይ ነው። በክፍት መንገድ የሚነዳ ሹፌር የሚተነፍሰው መጠን ከዚያ ያነሰ ነው። በሩን ዘግቶ ሞተር እያስነሳ የሚሠራ መካኒክ፣ በዋሻ ቁፋሮ ላይ ያለ ሠራተኛ፣ በጠባብ ክፍል ውስጥ ጄኔሬተር የሚቆጣጠር ሰው ከሹፌሩ የበለጠ ሊተነፍስ ይችላል። ስለዚህ የሥራው ስም ብቻውን አይበቃም፤ ቦታው፣ አየሩና የቆየበት ዘመን አብረው መታየት አለባቸው።

ውጤቱ ለምን ዘገየ?

ጥናቱ የታቀደው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን የታተመው በ2012 ነው። ይህን የሚያህል ጥናት በተፈጥሮው ረጅም ዓመታት ይፈልጋል። ከዚያ በላይ ግን የማዕድን ኩባንያዎችን የሚወክል ቡድን ተመራማሪዎቹን በፍርድ ቤት ተከራክሯል፤ መረጃዎቹና ረቂቅ ጽሑፎቹ ከመታተማቸው በፊት ለራሱና ለአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ እንዲቀርቡ የሚያዝ ውሳኔም አግኝቷል። በ2012 መጀመሪያ ላይ የቡድኑ ጠበቃ ለሳይንስ መጽሔቶች ደብዳቤ ጽፎ ጽሑፎቹን ከማተም እንዲጠነቀቁ አሳስቦ ነበር። መጽሔቱ ግን አተማቸው።

ኩባንያዎቹ የሳይንስ ጥያቄዎችም አንስተዋል። ከሁሉ ጠንካራው በድሮ ዘመን የነበረውን ጭስ የሚመለከት ነው። በ1960ዎቹ ወይም በ1970ዎቹ በማዕድኑ ውስጥ የነበረውን የጥላሸት መጠን የለካ ሰው አልነበረም። ተመራማሪዎቹ የገመቱት ከካርቦን ሞኖክሳይድ ልኬቶችና ከማሽኖቹ ጉልበት ተነስተው ነው። ግምት ደግሞ ሊሳሳት ይችላል።

ይህን ለማጣራት ከአሜሪካ መንግሥትና ከሞተር አምራቾች በጋራ ገንዘብ የሚያገኝ ገለልተኛ ተቋም የባለሙያዎች ቡድን አቋቁሞ ጥናቱን አስመረመረ። ቡድኑ በ2015 ባወጣው ዘገባ ጥናቱ በሚገባ የተሠራ መሆኑንና በናፍጣ ጭስ ምክንያት የሚመጣውን የካንሰር መጠን ለማስላት ሊያገለግል እንደሚችል ገልጿል። ከዚያም በኋላ የሠራተኞቹ ክትትል እስከ 2015 ተራዝሞ ውጤቱ በ2023 ሲታተም በናፍጣ ጭስና በሳንባ ካንሰር መካከል ያለው ግንኙነት እንዳለ ቆይቷል።

ይህ ታሪክ ታካሚን የሚመለከተው ለምንድን ነው? በሥራ ምክንያት የሚመጣ ካንሰር ብዙ ጊዜ ከ10 ዓመት በላይ፣ አንዳንዴም ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው የሚገለጠው። ማስረጃው በዘገየ ቁጥር ሠራተኛው ሳያውቅ የሚተነፍስበት ዘመን ይረዝማል። ዛሬ ጡረታ የወጡ ሹፌሮችና መካኒኮች ሥራ በጀመሩበት ጊዜ የናፍጣ ጭስ ካንሰር ያመጣል ብሎ የነገራቸው አልነበረም። «ራሱን አልጠበቀም» ብሎ እነርሱን መውቀስ አግባብ አይደለም።

ከጥናቱ በኋላ የተወሰዱ ውሳኔዎች

በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1988 የናፍጣ ጭስን «ምናልባትም ካንሰር ሊያመጣ የሚችል» ብሎ መድቦት ነበር። በጁን 2012 ግን ሲልቨርማንና ባልደረቦቻቸው ያወጡትን ውጤት ጨምሮ ያለውን ማስረጃ መርምሮ «በሰው ላይ ካንሰር የሚያመጣ» ወደሚለው 1ኛ ምድብ ከፍ አደረገው። ለሳንባ ካንሰር ማስረጃው በቂ ነው ተባለ። ለሽንት ፊኛ ካንሰር ደግሞ ማስረጃው ውስን መሆኑ ተገለጸ። የቤንዚን ሞተር ጭስ ዝቅ ባለ ምድብ ነው የተቀመጠው።

«1ኛ ምድብ» የሚለውን ሲሰሙ የናፍጣ ጭስ እንደ ሲጋራ እኩል አደገኛ ነው ማለት እንዳይመስልዎ። ምድቡ የሚነግረን ማስረጃው ምን ያህል የተረጋገጠ መሆኑን ነው። ጉዳቱ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አይነግረንም። የፀሐይ ጨረርና የአልኮል መጠጥም በዚሁ ምድብ ውስጥ ናቸው። የሳንባ ካንሰር ዋናው መነሻ ዛሬም ትንባሆ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት በ2019 ባወጣው መመሪያ በሥራ ቦታ አየር ውስጥ የሚኖረው የናፍጣ ጥላሸት በካርቦን ሲለካ በአንድ ሜትር ኩብ ከ0.05 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ወሰነ። መመሪያው ለአብዛኞቹ ሥራዎች ከ2023 ጀምሮ የጸና ሲሆን ለምድር ውስጥ ማዕድንና ለዋሻ ሥራ 3 ዓመት ተጨማሪ ጊዜ ተሰጠ። ይህም ማለት ጭሱ በብዛት ለሚገኝበት ሥራ ጥበቃው ዘግይቶ ነው የመጣው።

በኢትዮጵያና በውጭ ለምንኖር ምን ለውጥ ያመጣል?

ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስትከለክል ዋናው ምክንያት ለነዳጅ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ ነበር። እርምጃው ከጊዜ በኋላ ለከተማ አየርም ሊጠቅም ይችላል። ነገር ግን በሥራ ላይ ብዙ የናፍጣ ጭስ የሚተነፍሱት ሰዎች የሚውሉት ከቤት አውቶሞቢል ጋር አይደለም። የሚውሉት ከጭነት መኪና፣ ከአውቶቡስ፣ ከገልባጭ፣ ከሎደር፣ ከኤክስካቫተርና ከጄኔሬተር ጋር ነው። እነዚህ ደግሞ በአብዛኛው ዛሬም በናፍጣ ነው የሚሠሩት። ስለዚህ «የኤሌክትሪክ መኪና እየገባ ስለሆነ ችግሩ አልፏል» ብሎ ማሰብ ለጋራዥ ሠራተኛው ገና ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ጤንነትና ደኅንነት የመጠበቅና የመከላከያ ዕቃ የማቅረብ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል፤ በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታንም ያውቃል። ነገር ግን አዋጁ የሚሠራው አሠሪና ሠራተኛ ባሉበት ነው። የራሱን መኪና የሚነዳ ወይም በግሉ የሚጠግን ሰው ራሱን የሚጠብቀው በራሱ ነው።

በአሜሪካ የሚኖሩ አንባቢዎቻችን ብዙዎቹ በከባድ መኪና ሹፌርነት ይሠራሉ። ከ2007 ወዲህ በአሜሪካ የተመረቱ የከባድ መኪና የናፍጣ ሞተሮች ጥላሸትን የሚያስቀር ማጣሪያ ስላላቸው ከድሮዎቹ በጣም ያነሰ ጥላሸት ያወጣሉ። የማዕድኑ ጥናት የተሠራው በድሮዎቹ ሞተሮች ዘመን ነው። ሌላው ማወቅ የሚገባዎ ነገር የሳንባ ካንሰርን ቀድሞ ለማግኘት በሲቲ ስካን የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ ነው። በ2021 በአሜሪካ የወጣው ምክር ምርመራውን የሚመክረው ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 80 ለሆነና ለረጅም ጊዜ ላጨሱ ሰዎች ነው። የሥራ ታሪክ በመስፈርቱ ውስጥ የለም። አጭሰው የማያውቁ ግን ለብዙ ዓመታት በናፍጣ ጭስ ውስጥ የሠሩ ከሆነ ማንም ላይጠራዎት ይችላልና ጉዳዩን እርስዎ ራስዎ ለሐኪምዎ ያንሱ።

ካንሰር አስቀድሞ ተገኝቶብዎት ከሆነ

ብዙ ታካሚዎችና ቤተሰቦች «ያመጣብኝ ሥራዬ ይሆን?» ብለው ይጠይቃሉ። በአንድ ሰው ላይ ይህን በእርግጠኝነት መመለስ በአብዛኛው አይቻልም። በናፍጣ ምክንያት የመጣ የሳንባ ካንሰር በማይክሮስኮፕ ሲታይ ከሌላው የሚለይበት ምልክት የለውም። ጥናቶች የሚናገሩት ስለ ቡድን ነው። የሚደረግልዎ ሕክምናም የሚወሰነው በካንሰሩ ዓይነት፣ በደረጃውና በአጠቃላይ ጤንነትዎ ነው፤ መነሻው ምንም ቢሆን ሕክምናው አይቀነስም።

ታዲያ ሥራን መንገር ምን ይጠቅማል? አንደኛ፣ አሁንም በዚያው ሥራ ላይ ከሆኑ ሐኪምዎ ከጭሱ እንዲርቁ ሊመክርዎና ደብዳቤ ሊጽፍልዎ ይችላል። ሁለተኛ፣ በሥራ ምክንያት ስለሚመጣ በሽታ የካሳ ወይም የመድን ጥያቄ ለማቅረብ ካሰቡ በካርድዎ ላይ የተመዘገበ የሥራ ታሪክ ያስፈልግዎታል። ሦስተኛ፣ አብረዋችሁ የሚሠሩት ሰዎች ቀድመው እንዲጠነቀቁ ይረዳል። አራተኛ፣ ቤተሰብ በሽተኛውን «ሲጋራህ ነው» ወይም «ቸልተኝነትሽ ነው» እያለ እንዳይወቅስ ያደርጋል።

ለሐኪምዎ የሚነግሩትን እንዲህ አድርገው ያዘጋጁ

ቀጠሮ ከመሄድዎ በፊት ቤት ተቀምጠው በወረቀት ይጻፉ። መጻፍ ካስቸገረዎ ልጅዎ ወይም የትዳር ጓደኛዎ ይጻፍልዎ።

• ከመጀመሪያ ሥራዎ ጀምሮ እስከ አሁን የሠሩባቸው ሥራዎች በሙሉ፣ ከስንት ዓመተ ምሕረት እስከ ስንት እንደሆነ
• በየሥራው ላይ በእጅዎ ይሠሩት የነበረው ነገር፦ መንዳት፣ ሞተር መጠገን፣ ማሽን ማንቀሳቀስ፣ መጫንና ማውረድ
• ቦታው ክፍት ነበር ወይስ ዝግ፤ ሞተር እየሠራ በውስጡ ይቆዩ ነበር ወይ
• በቀን ለስንት ሰዓት እንደሚሠሩ፤ ማታ ሲታጠቡ ወይም ሲናፈጡ ጥቁር ጥላሸት ይታይ እንደነበረ
• ከናፍጣ ሌላ ያገኙዎት ነገሮች፦ የድንጋይ ብናኝ፣ አስቤስቶስ፣ የብየዳ ጭስ፣ ቀለምና ማቅለጫ
• ሲጋራ ያጨሱ ከነበረ ስንት ዓመትና በቀን ስንት፤ በቤት ውስጥ የማገዶ ጭስ ካለም ይጨምሩ

ወረቀቱን ለሐኪሙ ይስጡና «ይህ በካርዴ ላይ ይመዝገብልኝ» ይበሉ።

ሳይዘገዩ ሐኪም ማየት ያለብዎት መቼ ነው?

የሚከተሉት ምልክቶች ካንሰር አለ ማለት አይደሉም፤ ግን መመርመር አለባቸው።

• 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ ወይም የቆየ ሳል ጠባዩ ሲቀየር
• ደም የቀላቀለ አክታ
• የማይለቅ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የድምፅ መጎርነን
• ያለ ምክንያት መክሳት
• ደም የቀላቀለ ሽንት፣ ሕመም ባይኖረውም እንኳ

በአገራችን የቆየ ሳል ሲኖር በቅድሚያ የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) መመርመሩ ትክክል ነው፤ ቲቢ ብዙ ሰው የሚይዝና የሚድን በሽታ ነውና። ነገር ግን የአክታ ምርመራው ቲቢ የለም ካለና ሳሉ ከቀጠለ፣ ወይም የቲቢ መድኃኒት እየወሰዱ ካልተሻለዎ፣ ተመልሰው ይሂዱና ሌላ ምርመራ ያስፈልገኝ እንደሆነ ብለው ይጠይቁ። የሳንባ ካንሰር በራጅ ላይ ከቲቢ ጋር የሚመሳሰልበት ጊዜ አለ፤ በዚህ ምክንያት የሚባክኑ ወራት ውድ ናቸው።

ዛሬ በሥራ ላይ ላሉ

• ሞተርን በዝግ ቤት ውስጥ አስነስተው አይተዉት። ማሞቅ ካለብዎ ወደ ውጭ ያውጡት፤ ካልተቻለ ከማርሚታው ጭሱን ወደ ውጭ የሚወስድ ቱቦ ያድርጉ።
• ጄኔሬተር ከሰው መቀመጫና ከመስኮት ይራቅ።
• ቆመው ሲጠብቁ ሞተሩን ያጥፉ።
• ጥቁር ጭስ የሚያወጣ ሞተር ጥገና ያስፈልገዋል፤ ጥገናው ለሳንባዎም ነው።
• የጨርቅ ወይም የቀዶ ሕክምና ጭምብል የናፍጣን ደቃቅ ጥላሸት በሚገባ አያስቀርም። አየር እንዲዘዋወር ማድረግ ይቀድማል።
• ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ ማቆም ለሳንባዎ ሊያደርጉት ከሚችሉት ሁሉ ትልቁ ነገር ነው።

የማዕድን ሠራተኞቹ ጥናት ሊሠራ የቻለው ሠራተኞቹና የሟቾቹ ቤተሰቦች ስለ ሥራቸውና ስለ ኑሯቸው በዝርዝር ስለተናገሩ ነው። በእርስዎም ካርድ ላይ «ሹፌር» ከሚለው አንድ ቃል በላይ እንዲጻፍ ያድርጉ። በቤትዎ ጡረታ የወጣ ሹፌር፣ መካኒክ ወይም የማሽን ኦፕሬተር አባት ካለ ዛሬ ማታ ስለ ድሮ ሥራቸው ይጠይቋቸውና ይጻፉላቸው። የሚቀጥለው ቀጠሮ ሲደርስ ወረቀቱ በእጅ ይኑር።